«አትንኩ» የማይባልበት ግቢ

እናቴ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። የምግብ ፍላጎቷ ተዘግቷል። ስናናግራት አንገቷን ከመነቅነቅ በቀር ቃል አይወጣትም። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ከቤት ስወጣ ከደጃፋችን አንድ ዘለላ ጤና አዳም ቀንጥቤ ከምሳ ዕቃው ጋር ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ዋርዱ ገብቼ ፌስታሉን ስፈታ እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ዘለላውን ከእጄ ተቀብላ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ጥቂት ቆየች። «ቡናውስ የታለ?» አለችኝ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሳትጠየቅ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሲስተሯን አስፈቅጄ በዊልቸር ወደ ግቢው አወጣኋት። ግቢው ያምራል። በሥርዓት የታጨደ ሣር አለ፣ ዙሪያውን ጽጌረዳ፣ ከጽጌረዳው ፊት በነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ተደርድሯል። ሁለት ሰሌዳዎችም ቆመዋል፤ አንዱ «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» ይላል፣ ሌላው «አበባ መቅጠፍ ያስቀጣል»። ጽጌረዳውን ታሽትት ብዬ ዊልቸሩን ወደ ድንጋዩ ጠጋ ሳደርገው የጥበቃው ፊሽካ ተነፋ። ሰውዬውን አልወቅሰውም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። እኔን ያመመኝ ሌላ ነው። የሆስፒታል አትክልት ከሕመምተኛ የሚጠበቅ ከሆነ፣ ለማን ተብሎ ነው ውሃ የሚጠጣው?

ይህን ጥያቄ ገልብጦ የሚነሳ አንድ የአትክልት ዓይነት አለ። በብዙ አገሮች ለሆስፒታል፣ ለአረጋውያን መጦሪያና ለተሃድሶ ማዕከል ተብሎ ይሠራል፤ በእኛ ቋንቋ የአምስቱ ሕዋሳት አትክልት ብንለው ያስማማል። ከግቢ ማስዋቢያ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ለመታየት ብቻ አይተከልም። ቅጠሉ ሊታሽ፣ አበባው ሊቀጠፍ፣ የውሃው ድምፅ ሊደመጥ፣ ፍሬው ሊቀመስ ነው የሚተከለው። የጀመረውም ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ከታሰቡ አትክልቶች ነው። ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተው የመዓዛ አትክልት የሚታወቅ ምሳሌ ነው፤ እዚያ መደቦቹ ከፍ ተደርገው የተሠሩት ሰው ሳያጎነብስ፣ ዊልቸር ላይ የተቀመጠም ሳይቸገር ቅጠሉን በእጁ እንዲያገኘው ነው።

ስለ ሆስፒታልና ስለ ዛፍ ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1984 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣው የሮጀር ኡልሪክ ጥናት ነው። ኡልሪክ በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን የ46 ሰዎች ፋይል መረመረ። ሰዎቹን በዕድሜ፣ በጾታና በመሰል ሁኔታዎች ጥንድ ጥንድ አደረጋቸው። ከየጥንዱ አንዱ የተኛበት መስኮት ዛፎች ያሳያል፣ የሌላው ቡናማ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት በአማካይ 7.96 ቀን ተኝተው ወጡ፤ ግድግዳ ያዩት 8.70 ቀን። የጊዜው ልዩነት ቀን እንኳ አይሞላም። እኔን የያዘኝ ከዚያ የቀጠለው ነው። ዛፍ ያዩት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የወሰዱት ያነሰ ነው። ነርሶች ፋይላቸው ላይ የጻፉትም ይለያል፤ «ተከፍታለች፣ ታለቅሳለች» የሚል ዓይነት ማስታወሻ ግድግዳ ባዩት ላይ በነፍስ ወከፍ 3.96 ጊዜ ሲጻፍ፣ ዛፍ ባዩት ላይ 1.13 ጊዜ ብቻ ነው የተጻፈው።

46 ሰው ጥቂት ነው፤ ሆስፒታሉም አንድ ነው። በዚህ ጥናት ብቻ ተደግፎ «ዛፍ ያድናል» የሚል ሰው ከጥናቱ በላይ እየተናገረ ነው። አትክልት የተሰበረ አጥንት አይገጥምም፣ ኢንፌክሽን አያጠፋም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፦ እነዚያ ሰዎች ያገኙት የዓይን ድርሻ ብቻ ነበር፣ ያውም በመስታወት በኩል። አፍንጫ፣ ጆሮና እጅ ተራቸው አልደረሳቸውም።

የአፍንጫን ነገር ከእናቴ አልጋ አጠገብ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ምክንያቱም አለው። የምናየው፣ የምንሰማውና የምንዳስሰው ነገር ሁሉ ወደ አንጎል ገዢ ክፍል ከመድረሱ በፊት ታላመስ በሚባል ማከፋፈያ በኩል ያልፋል። ሽታ ግን ያንን ደጅ ሳይጠና ስሜትና ትዝታ ወደሚያዙት ክፍሎች፣ ወደ አሚግዳላና ወደ ሂፖካምፐስ፣ በአጭር መንገድ ይደርሳል። ለዚህ ነው የቡና ዕጣን ጭስ ሲሸተን ገና ሳናስበው አያታችን ቤት የምንገኘው። የሆስፒታል ሽታስ? በረኪና፣ አልኮል፣ የቆየ ምግብ፣ የሰው ገላ። ሕመምተኛ ወር ሙሉ ይህን ብቻ ሲያሸት ከርሞ አንድ ቀን ጤና አዳም አፍንጫው ሥር ሲደርስ፣ ቤቱ መጥቶ ጠየቀው ማለት ነው።

ይህ መንገድ በተለይ የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን ትልቅ ትርጉም አለው። የልጃቸው ስም የጠፋባቸው እናት በሶብላ ሲያሸቱ የሚሠሩበትን ወጥ ሊያወሩ ይችላሉ። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በመጦሪያ ቤቶች አትክልት ላይ የተደረጉ 17 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ አረጋውያኑ አትክልቱ ውስጥ ጊዜ ሲያሳልፉ መበሳጨትና መቅበጥበጥ እንደሚቀንስ የሚያመላክት ውጤት አግኝተዋል። ማስረጃው ገና መጠናከር እንዳለበትም አብረው ተናግረዋል፤ ለእኔ ይህ ጥንቃቄያቸው ውጤቱን ይበልጥ ያስከብረዋል።

ጆሮም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ የሆስፒታል መኝታ ክፍል ሌሊት ከ30 ዴሲቤል በላይ ድምፅ ሊኖረው አይገባም ይላል፤ ይህ ከሹክሹክታ ብዙ አይርቅም። በዋርድ ያደረ ሰው ይፍረደኝ። የሚያቃስተው፣ የጎማው ጩኸት፣ የስልኩ፣ የበሩ፣ የማሽኑ ድምፅ ተደራርቦ ነው የሚነጋው። አትክልት ውስጥ የሚወርድ ውሃ ወይም ነፋስ የሚያንሾካሹከው ቀርከሃ ጸጥታን አያመጣም፤ ሌላውን ድምፅ ግን ይሸፍነዋል።

ከሁሉም በላይ ግን እኔ የምይዘው የእጅን ነገር ነው። ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ነገሩ ሁሉ ይደረግበታል። ይወጋል፣ ይገለበጣል፣ ይታጠባል፣ መቼ እንደሚበላና መቼ መብራት እንደሚጠፋ ሌላ ሰው ይወስንለታል። ሕክምና ነውና ግድ ነው። አትክልቱ ጋ ሲደርስ ግን የፈለገውን ቅጠል ይነካል፣ ያልፈለገውን ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ ይቆያል ወይም ወደ ጥላ ይዞራል። ቀኑን ሙሉ ራሱ የወሰነው ነገር ያ ብቻ ሊሆን ይችላል። «አትንኩ» የሚለው ሰሌዳ የሚነጥቀውም ይህንኑ ነው።

ሳልዝበሪና አዲስ አበባ

እንግሊዝ አገር ሳልዝበሪ ውስጥ የአከርካሪ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች የሚታከሙበት ማዕከል አለ። እዚያ የሚገባ ሰው ለወራት ይተኛል፤ ብዙዎቹ ከመኪና አደጋ ወይም ከመውደቅ በኋላ እግራቸውን ዳግመኛ ላያዙት እንደሚችሉ የሚሰሙት እዚያው አልጋ ላይ ነው። ሆሬሺዮ ቻፕል የሚባል ተማሪ፣ አባቱ የማዕከሉ ቀዶ ሐኪም ነበርና፣ በትምህርት ዕረፍቱ በፈቃደኝነት ያገለግል ነበር። ሐኪም ለመሆን ነበር የሚያስበው። ሕመምተኞቹ ከዋርድ የሚወጡበት ቦታ እንደሌላቸው አስተዋለና መጠይቅ አዘጋጅቶ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው፤ አትክልት የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2011፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ በስቫልባርድ ደሴቶች ለጉዞ በሄደበት የዋልታ ድብ ገደለው። ቤተሰቡና ወዳጆቹ አትክልቱን በስሙ ሠሩት፤ በ2012 ተከፈተ። ንድፉን ያወጣው ክሊቭ ዌስት ዝቅ ያሉትን የድንጋይ ግንቦች በአከርካሪ አጥንት አምሳል ደረደራቸው። መንገዱ አልጋ ራሱ እየተገፋ እንዲያልፍበት ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ መነሣት የማይችል ሰው በጀርባው እንደተኛ ወጥቶ ከጣሪያ ይልቅ ቅጠልና ሰማይ ያያል። ዛሬ በግላስጎ፣ በስቶክ ማንድቪል፣ በለንደን፣ በካርዲፍና በሌሎችም የአከርካሪ ሕክምና ማዕከላት በዚያው ልጅ ስም የሚጠሩ አትክልቶች አሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ ደጋግሜ የምመለስበት መጠይቁ ነው። ከመትከል በፊት የተጠየቀው ሕመምተኛው ነበር።

ለዚህ ሐሳብ ግን ሳልዝበሪ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታላቸውን መሠረቱ። ፊስቱላ ለቀናት በዘለቀ ምጥ የሚመጣ ጉዳት ነው፤ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፣ እናቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል። ከዚያ በኋላ ያለውን እናውቀዋለን። ባል ይሸሻል፣ ጎረቤት አፍንጫውን ይይዛል፣ እሷም ከሰው ርቃ ከቤት ጀርባ ጎጆ ትቀልሳለች። ከሰው የነጠላት ሽታ ነው።

ያቺ ሴት ረጅም መንገድ ተጉዛ የምትደርስበት ግቢ በአበባና በጥላ ዛፍ የተሞላ ነው። ግቢውን የጎበኘ ሰው ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ የሚያነሳው አትክልቱን ነው። ሴቶቹ ፎጣቸውን ደርበው በአትክልቱ መሐል ሲንሸራሸሩ፣ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ይታያሉ። በገላዋ ሽታ ምክንያት ከማኅበር የተገፋች ሴት መዓዛ መሐል ከመሰሎቿ ጋር ስትቀመጥ የሚሰማትን የትኛውም መለኪያ አይመዝነውም፤ እኔ ግን የሕክምናው አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ሆስፒታሉና በክልሎች የከፈታቸው ቅርንጫፎች ከ60,000 በላይ ሴቶችን አክመዋል። ጉዳታቸው ሙሉ በሙሉ ላልተጠገነላቸው ሴቶች ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የተሠራው መኖሪያ ስሙ ደስታ መንደር ነው። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ የኖሩትም በዚያው በሆስፒታሉ ግቢ ነበር።

ደጃችን ላይ ያለው

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ የሆስፒታል ሠራተኞችም ችግኝ ይተክላሉ። መልካም ነው። ችግኙ የሚተከለው ግን ብዙ ጊዜ አጥር ሥር ወይም ሕመምተኛ በማይደርስበት ዳገት ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ጉልበት ጥቂቱ ወደ ዋርዱ በር ቢዞር ምን ሊተከል እንደሚችል ለማንም እናት ማስረዳት አያስፈልግም። ጦስኝ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ዳማ ከሴ፣ አሪቲ፣ ጠጅ ሣር፣ የጥብስ ቅጠል፣ ናና፤ ሁሉም ሲታሹ ይናገራሉ። ብርማው የአሪቲ ቅጠል ለጣትም ለስላሳ ነው። ለጆሮ ቀርከሃ አለ። ራስ ክምር ሲያብብ ቀጭን ምንቃር ያላቸው የአበባ ወፎች ይመጣሉ። ለዓይን ደግሞ መስከረም ላይ አደይ። ውድ የውጭ አበባ ገዝቶ ቀን ከሌት ውሃ የሚጠጣ ሣር መሐል ከመደርደር ይህ በሁሉም መንገድ ይቀላል። ሕመምተኛውም ያውቃቸዋል፤ አንዱን ሲያሸት የሚመጣበት የራሱ ደጅ ነው።

ተጠቃሚው ሕመምተኛ ብቻ እንዳይመስለን። በእኛ አገር አንድ ሰው ሲተኛ አንድ ሰው ወይም ሁለት አስታማሚ አብሮ ይገባል። መድኃኒት ገዝቶ ይመጣል፣ ልብስ ያጥባል፣ ሌሊት ከአልጋው ሥር ካርቶን ዘርግቶ ይጋደማል፤ የሚያለቅስበት ቦታ ግን የለውም። ደረጃ ላይ ጠርዝ ይዞ ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ነው የሚያለቅሰው። አሜሪካ ውስጥ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ክሌር ኩፐር ማርከስና ማርኒ ባርንስ እ.ኤ.አ. በ1995 አራት የሆስፒታል አትክልቶችን ሲያጠኑ፣ አትክልቱን ከሚጠቀሙት መካከል ጠያቂዎችና በተለይም የሆስፒታሉ ሠራተኞች ብዙ ሆነው አግኝተዋቸዋል፤ ከተጠየቁት አብዛኞቹም ከገቡበት ስሜት በተሻለ ስሜት እንደሚወጡ ተናግረዋል። የሌሊት ተራ የወጣች ሲስተር ሕፃን ሞቶባት ወደ ቀጣዩ አልጋ ከመሄዷ በፊት አምስት ደቂቃ የምትቆምበት ጥላ ብታገኝ፣ ጥቅሙ ለቀጣዩ ሕመምተኛም ነው።

የሚጎዳውን ማወቅ

የሚነካ አትክልት ከሚታየው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ከራሴ ጤና አዳም ልጀምር። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲመታው ቆዳውን እንደ እሳት ሊያቃጥልና ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ያን ቀን ከዋርድ ሳንወጣ እጇን በሳሙና ማጠቤ ለሌላ ነገር ብዬ ነበር። ነፍሰ ጡርም እንድትበላው አይመከርም። ስለዚህ ጤና አዳም የሚተከለው በጥላ ሆኖ የእጅ መታጠቢያ ከአጠገቡ ሲኖር ነው። ቅንጭብና ቁልቋል ግን ከነአካቴው አይገቡም፤ ወተታቸው ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ጉሎ ፍሬው መርዝ ነው። አስተናግርም፣ በየከተማው አደባባይ ለውበት የሚተከለው ኦሊያንደርም መርዛማ ናቸው፤ ግራ የተጋባ አዛውንት ወይም ሕፃን ወደ አፉ ሊወስዳቸው ይችላል።

የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ነገር ለብቻው ነው። አፈር ውስጥ አስፐርጂለስ የሚባል ሻጋታ ይኖራል፤ የጤናማ ሰው ሳንባ አያስጨንቀውም፣ የመከላከል አቅሙ ለተመናመነ ግን ገዳይ ሊሆን ይችላል። እነርሱ ከአፈር መራቅ አለባቸው፣ ክፍላቸው ውስጥም የአበባ ማሰሮ አይገባም፤ አትክልቱን በመስኮት ማየት ይበቃቸዋል። መድኃኒቱ ራሱ ብዙዎችን ጠንካራ ሽታ ያስጠላቸዋልና ማቅለሽለሽ እንዳያመጣባቸው የመዓዛው መደብ ከዚያ ዋርድ መስኮት ራቅ ይበል።

ውሃውም ያሳስባል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ከተገኘች ወዲህ በአገራችን ወባ የገጠር ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ይህች ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ትራባለች፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተከሰተው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት መሆኗ ተረጋግጧል። ስለዚህ ገንዳ ሠርቶ ውሃ ማቆር በሆስፒታል ግቢ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ድምፁን ከፈለግን በጠጠር መሐል ወርዶ የሚጠፋ፣ ሳይታቆር የሚፈስ ውሃ ይሁን።

መንገዱ ዊልቸር የሚዞርበት ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ይፈልጋል፤ ዳገቱ በ20 ሜትር ከአንድ ሜትር በላይ ባይነሳ ጥሩ ነው። መደቡ ከመሬት ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። አግዳሚው ክንድ ማሳረፊያ ይኑረው፤ ዳሌው የተጠገነ ሰው ያለ እሱ አይነሣም። ለመርሳት ሕመምተኞች መንገዱ ዞሮ ወደ ተነሡበት በር የሚመልስ መሆን አለበት፤ መንገድ ላይ ያለ ጥቁር ንጣፍ ደግሞ ለእነርሱ ጉድጓድ ይመስላቸዋል።

መሬት የለንም የሚል አስተዳዳሪ ይኖራል። ሲንጋፖር ከእኛ ይልቅ መሬት የጠበባት አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው የክሁ ቴክ ፑአት ሆስፒታል ዕፅዋቱን በየፎቁ በረንዳ ላይ ዘርግቷል፣ ጣሪያው ላይ ያለውን የጓሮ አትክልት የሚንከባከቡትም የአካባቢው ፈቃደኛ ነዋሪዎች ናቸው። የእኛ ግቢዎች ያላቸው ቦታ ከዚያ ይሰፋል። ከባዱ ነገር መሬት ሳይሆን ከምርቃቱ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በጥር ፀሐይ ሁሉ ነገር ይደርቃል። ውሃ ማጠጣት የአንድ ሰው የሥራ ዝርዝር ላይ ካልተጻፈ የማንም አይሆንም። እኔ ብጠየቅ ከፊዚዮቴራፒው ክፍል በር ጀምሬ አሥር ካሬ ሜትር ብቻ እተክል ነበር። ክንዱን ማንሣት የሚለማመድ ሰው የጎማ ኳስ ከመጭመቅ የጦስኝ መደብ ቢያጠጣ እንቅስቃሴው ያው ነው፤ ቦታውም ይለመልማል።

እናቴ ከሆስፒታል በወጣችበት ዋዜማ ምሽት ምሳ ዕቃ ይዤ በበሩ ስገባ ያ ጥበቃ ጠራኝ። ከዘብ ቤቱ ጀርባ ወሰደኝ። በሦስት የዘይት ቆርቆሮዎች በሶብላ ተክሏል፤ እጁን የሚታጠብበትን ውሃ ነው የሚያጠጣቸው። አንድ ዘለላ ቀንጥቦ ሰጠኝ። «ለእማማ ውሰጂላቸው» አለኝ፤ «ይኼኛው የራሴ ነው፣ ይቀነጠባል።»